ከንብ ቀፎ የሚገኝ ትምህርት

ንብ ማነብ ለአንዳንዱ ሰው መተዳደሪያ ነው፤ ለሌላው ደግሞ ከመሥሪያ ቤትና ከንግድ ድካም የሚያርፍበት መልካም የጊዜ ማሳለፊያ ነው። እኛም ከጓሮአችን ጥቂት ቀፎዎች አኑረን ለአያሌ ዓመታት በዕረፍት ሰዓት ስንጎበኛቸው ስለ ቆየን፣ ያስተዋልነውን ለክቡራን አንባቢዎች ለማቅረብ ወደድን።

ንብን ለማያውቅ ሰው ቀፎ የማር ዕቃ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ማር አስቀድሞ የንቦቹ ስንቅ ነው። ዝናም በረራን ሲከለክል፣ በበጋም አበባ ሲጠፋ፣ ያ ሁሉ ሠራዊት የሚኖረው ባከማቸው ማር ነው። በሥራ ወራት አንዲት ሠራተኛ ንብ የምትኖረው 6 ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ካከማቸችው የሚበዛውን የሚመገቡት ከእርስዋ በኋላ የሚወለዱት ናቸው።

በቀድሞው ልማድ ከግንድ፣ ወይም ከጭቃና ከእበት በተሠራ ቀፎ ማር የሚቆረጠው በሌሊት፣ በጢስ ኀይል ነው። ባለቤቱ ስስት ይዞት እንጀራውን ሁሉ ጠርጎ የወሰደ እንደሆነ እጩ አብሮ ይጠፋል፤ የተረፉትም ንቦች ወይ በረሃብ ያልቃሉ፣ ወይ ቀፎውን ጥለው ይሄዳሉ። ሎሬንዞ ላንግስትሮት የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. በቀፎው ውስጥ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ቢተው ንቦች እንደ መተላለፊያ ይዘውት በሰምም በሙጫም እንደማይደፍኑት አስተዋለ። ከዚህም የተነሣ እንጀራው በእንጨት ክፈፍ ላይ ሆኖ አንድ በአንድ የሚመዘዝበት ሣጥን ቀፎ ተሠራ፤ የደረሰው ማር ይወሰዳል፣ እጩና ስንቁ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ሣጥን ቀፎ ስስትን አይፈውስም። በደጋው አገር ከክረምት በኋላ አበባ ሲፈነዳ ቀፎ ይሞላል፤ የባለቤቱም ትዕግሥት የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። ንቦች ማሩን በሰም የሚያሽጉት ውሃው ቀንሶ ሲደርስ ነው። ገበያ እንዳይቀድመው ቸኩሎ ያልታሸገውን የቆረጠ ሰው፣ ከመቶ 20 እጅ በላይ ውሃ ያለበት ማር ይዞ ሊቀር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ማር በማሰሮ ውስጥ እንዳለ ይቦካል። ስኳር ቀላቅሎ የሚሸጠውም ለአንድ ቀን ትርፍ ሲል የብዙ ዓመት ደንበኛውን ያጣል።

እኛ በየቀፎው ጥቂት የሞላ እንጀራ ማስቀረትን ልማድ አደረግን። አንድ ጎረቤታችን ይህን እያየ «ለማን ብላችሁ ነው?» ይለን ነበር። ዝናሙ በዘገየበት ዓመት ግን በዙሪያው የነበሩ አያሌ ቀፎዎች ባዶ ሲሆኑ፣ የእኛ ንቦች ስንቃቸውን እየበሉ ቈዩ፤ አበባም በወጣ ጊዜ ለሥራ ደረሱ።

ግብር ለሚሰበስብ ሹምና ትርፍ ለሚቈጥር ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የሚወሰደውን መጠን ማንም ያውቃል፤ የሚተወውን መጠን ያወቀ ግን በሚመጣውም ዓመት ማር ይቆርጣል።