ማጠናከሪያው ምኑን ያጠናክራል?

ወላጅ ወደኔ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋ ነው። «በወር ስንት ታስከፍላለህ?» ይላል፤ ቀጥሎ «በሳምንት ስንት ቀን?» ይመጣል። ልጁ የት ላይ እንደተሰናከለ የሚጠይቀኝ ከስንት አንድ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩትም እዚሁ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ጨፋ ሮቢት ነው። ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ በክፍያ አስጠናለሁ። ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት ጥቅምና ጉዳት የምጽፈው እንግዲህ ከጥቅሙ ተካፋይ ሆኜ ነው። አንባቢ ይህን ልብ ብሎ ያንብበኝ።

ገበያው ለምን እንደደራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2015 ቁጥሩ ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። ይሻሻላል፤ ቢሆንም ከመቶ ተፈታኝ አሁንም ከዘጠና የሚበልጠው ይወድቃል። መንግሥት ራሱ ሪሚዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት በ2015 ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ የሰማ ወላጅ የመደበኛውን ክፍል ብቻ አምኖ ቢቀመጥ ነው የሚገርመኝ።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተደርቦበታል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ተከፍቶ ልጆቹ ገና ሳይረጋጉ በ2014 ጦርነቱ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ መጣብን። በ2012 ሦስተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ከመጣ በ2018 9ኛ ክፍል ገብቷል። ደብተሩ ላይ 9ኛ ይላል እንጂ በመሐል ስንት ምዕራፍ እንደዘለለ የሚቆጥርለት የለም።

አንዲት እናት አሉ፤ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ «የኔ ልጅ፣ አላህ ይስጥህና፣ አልጀብራ የሚሉት ነገር አልገባኝም እያለ ነው። እሷን ብቻ አስይዝልኝ» አሉኝ። ወረቀት ሰጠሁትና 1/2 + 1/3 ስንት ይሆናል አልኩት። 2/5 ብሎ ጻፈ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ መገላገሉ ነበር። ግማሽ ላይ ሌላ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ መምጣቱ ግን ቅንጣት አላስጨነቀውም። አልጀብራ አልነበረም የጎደለው፤ ክፍልፋይ ነበር፤ ያውም ከብዙ ዓመት በፊት መያዝ የነበረበት።

ለእናቱ ይህን ስነግራቸው ቅር አላቸው። «ለዘጠነኛ ክፍል እየከፈልኩህ የአራተኛ ልታስተምረው ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገንዘቡ ከመደብ ላይ በሳንቲም የተለቀመ ነው። ሁለት ወር ያህል ወረቀት እያጠፍንና እየቀደድን ክፍልፋይ ብቻ ሠራን። አልጀብራው ከዚያ በኋላ ብዙም አልፈጀ። ልጁ የክፍሉ አንደኛ አልሆነም፤ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ሲቆም ግን መሬት መሬት ማየቱን ትቷል።

ማጠናከሪያ ትምህርት የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው። ቤንጃሚን ብሉም የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1984 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለብቻው የተጠና መካከለኛ ተማሪ በጅምላ ከተማሩት ከአብዛኞቹ በላይ እንደሚወጣ አስፍሮ ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ያን ያህል ትልቅ ለውጥ አላገኙም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ለብቻ ማስጠናት ያን የሚያህል ጉልበት ያገኘው አስጠኚው ሊቅ ስለሆነ አይደለም። ልጁ የተሳሳተባትን ደቂቃ በዓይኑ ስለሚያይ ነው። ከስልሳ በላይ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል ውስጥ 2/5 የጻፈውን ልጅ እኔም አላየውም፤ ደወሉ ይደወላል፣ ምዕራፉ ያልፋል።

ልጅን ለብቻው እያዩ ማስተማር ለጨፋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እንደ ሰፈሬ ልጆች ሁሉ እኔም ቁርአን ቤት ተቀምጫለሁ። ሉሕ የምንለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥላሸት ቀለም የተጻፈልንን ይዘን እንቀራለን፤ መቅራት ማንበብ ማለት ነው። የያዘ ሉሑን አጥቦ ሌላ ይጻፍለታል፤ ያልያዘ እዚያው ይቆያል። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ረጅም ሱራ ያነበንባል፤ «የዚህ ዓመት ትምህርት አልቋል» ብሎ ማንንም የሚጎትት የለም። ገፋ ያለው ጀማሪውን ያስቀራል። በቤተ ክህነቱም ቢሆን የቆሎ ተማሪው እንዲሁ ነው፤ የቀደመው የተከተለውን ያስጠናል። ሽምደዳው መብዛቱን አልክድም፤ አርጩሜውም አልናፈቀኝም። ልጅን ካለበት መጀመርን ግን ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከነዚህ ቤቶች አልወረሰም። ማታ ማታ በገንዘብ የምንሸጠው እሱኑ ነው።

ሁሉም አስጠኚ ይህን ይሸጣል ማለቴ አይደለም። ሠላሳ አርባ ልጅ አንድ ክፍል አጉሮ፣ የቀኑን ትምህርት ደግሞ ማስገልበጥም ማጠናከሪያ ይባላል። የድሮ ፈተና በፎቶኮፒ አባዝቶ መልሱን ማስሸምደድም እንዲሁ። አዲስ አበባ ቤት ለቤት የሚያስጠኑ የማውቃቸው ልጆች እንደነገሩኝ፣ አንዳንዱ ቤት የሚፈለገው አስጠኚ የቤት ሥራ ሠሪ ነው። ልጁ ሙሉ ማርክ ያመጣል፣ እናት ደስ ይላታል፣ የፈተናው ቀን ጉዱ ይወጣል።

የከፋው ሌላ ነው፤ መምህር ቀን ክፍል ውስጥ የዋጠውን ማታ ለዚያው ተማሪ የሚሸጥበት። በካምቦዲያ ይህ ልማድ ሥር ሰድዶ መምህራን ለገዛ ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን በክፍያ ይጨርሱ እንደነበር፣ ይህን ጉዳይ ለዓመታት ያጠኑት ማርክ ብሬይ ጽፈዋል። እኛም አገር አይታጣም፤ ስም አልጠራም። የመምህር ደመወዝ ወር እንደማይደርስ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማታ ማስጠናትም ነውር አይደለም። ሆኖም ፈተናውን የማወጣው እኔ፣ የማርመው እኔ፣ የሚከፍለኝም ያው ተፈታኝ ከሆነ፣ የማይከፍለው ልጅ ምን ተስፋ ይኖረዋል? ስለዚህ ቀን የማስተምራቸውን ልጆች ማታ አልቀበልም። ጓደኞቼ ሞኝ ይሉኛል።

ሌላው ጉዳት የልጁ ጊዜ ላይ ነው። ከፈረቃ ሲወጣ ቁርአን ቤት ይጠብቀዋል፤ በጋ ሲሆን የደጋውም የአፋሩም ከብት ጨፋ ሜዳ ላይ ሲወርድ የራሱንም የሚያግደው እሱ ነው። እዚያ ላይ የኔን ሰዓት ስትጨምሩበት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ፊቴ የሚቀመጠው እንቅልፉ ነው። ለሴቶቹ ደግሞ ይብሳል። ውኃ ከቀዱ በኋላ ቢመጡ እንኳ መመለሻው ጨለማ ነው፤ አባት አይፈቅድም፤ አልፈርድበትም። መጀመሪያ ላይ ክፍሌ ወንድ ብቻ የነበረው በዚህ የተነሳ ነው። የቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራም ስከፍት መጡ፤ ከወንዶቹም ተግተው ሠሩ።

ቋንቋውን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። በዞናችን አብዛኛው ልጅ የታች ክፍሎችን በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ወስዶ፣ 9ኛ ሲገባ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አንድ የቃላት ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስሰጠው የሚፈዝ ልጅ፣ ያንኑ በኦሮምኛ ስነግረው ቁጭ ብሎ ይፈታዋል። ስለዚህ ለ9ኛ ክፍል ልጃችሁ የሒሳብ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት ይህን ሞክሩት። በአፍ መፍቻው ከሠራው፣ ገንዘባችሁን ለእንግሊዝኛ አውሉት።

«እንግዲያስ ለምን አይከለከልም?» የሚለኝ ሰው አለ። ተሞክሯል። ደቡብ ኮሪያ በ1980 የግል ጥናትን ከለከለች፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2000 ክልከላውን እስኪሽረው ድረስ ጥናቱ በድብቅ ቀጠለ። ቻይና በ2021 በመደበኛ የትምህርት ዓይነቶች ለትርፍ ማስጠናትን አገደች፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ከሰሙ፣ ሀብታሙ ግን በስውር አስጠኚውን በውድ ይቀጥራል። (እነዚህ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የሽንኩርት ነጋዴዋ ልጅ በክልከላ የሚያገኘው ነገር አይታየኝም።

ይልቅ ዓይኔ የገባው የሕንድ ነገር ነው። ሙምባይና ቫዶዳራ ከተሞች ውስጥ ፕራታም የተባለ ድርጅት ከሰፈሩ ወጣት ሴቶችን በአጭር ሥልጠና አዘጋጀ፤ እነሱም ወደኋላ የቀሩትን የሦስተኛና አራተኛ ክፍል ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ለብቻ ያስተምሩ ነበር፤ መሠረታዊ ንባብና ቁጥር ብቻ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ሲለኩት፣ የልጆቹ ውጤት በግልጽ ጨምሮ ተገኘ። አስተማሪዎቹ የተመሰከረላቸው መምህራን አልነበሩም።

ጨፋ ሮቢት ውስጥ 12ኛ ጨርሰው ግማሽ ያላመጡ፣ ቤት የተቀመጡ ወይም ባጃጅ የሚያሽከረክሩ ልጆች ሞልተዋል። ፈተናው ጥሏቸዋል፤ 1/2 እና 1/3 መደመር ግን አያቅታቸውም፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ይችላሉ። እነሱን አሠልጥነን የአራተኛ ክፍል ልጆችን በነፃ ቢያስይዙ ብዬ ለአንድ ትምህርት ቤት ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ይሰጠን ብዬ። ሐሳቡን ሁሉም ወደደው። ለወጣቶቹ የኪስ ገንዘብ ከወላጅ ኮሚቴው ይዋጣል ተባለ። አሁን የቀረን የክፍሉን ቁልፍ ማን ይያዝ፣ ለዘበኛው ትርፍ ሰዓት ማን ይክፈል የሚለው ነው፤ በሁለት ስብሰባም አላለቀም።