የምርጫ ክርክር፤ ጥያቄው የት ቀረ?

ክርክር ለአገራችን ሕዝብ እንግዳ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው፥ ዋስ ጠርተው፥ ተወራርደው ይነጋገሩ ነበር። ለቀላል ጉዳይ መንገደኛ እንኳ ተለምኖ ዳኛ ይሆናል። አንደኛው «ተጠየቅ» ሲል ሌላው ለተጠየቀው ነገር መልስ የመስጠት ግዴታ ነበረበት። በንግግሩ ተረትና ምሳሌ፥ አንዳንድ ጊዜም ሽሙጥ ይገባበታል፤ ሆኖም የተረታው ወገን የተወራረደውን ይከፍላል። እንግዲህ የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በዘመናችን የምርጫ ውድድር ጨዋነትና ቁም ነገር ያለበት ክርክር ለምን እየተመናመነ እንደሄደ ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በተደረጉት ምርጫዎች የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ፥ እጩው የሚቀርበው በስሙና በአካባቢው ባለው ዝና ነበር። የፓርቲዎች ክርክር በሬዲዮና በቴሌቪዥን በሰፊው ለሕዝብ የተሰማው ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት ነው።

ከቀረቡት ጉዳዮች አንዱ የመሬት ይዞታ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፥ አይለወጥም ይላል። ኢሕአዴግ ይህን ሲደግፍ፥ መሸጥ ከተፈቀደ ገበሬው በችግር ጊዜ መሬቱን ሽጦ ወደ ከተማ ይፈልሳል አለ። ቅንጅት በበኩሉ የግል ባለቤትነት ለገበሬው ዋስትና ይሰጠዋል፥ በመሬቱም ለመበደር ያስችለዋል ሲል ተከራከረ። ሁለቱም አሳቦች በምክንያት ሊመዘኑ የሚችሉ ነበሩ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ከአዘዞ ቀጥላ በምትገኘው በጠዳ ለሚኖር ገበሬ ጉዳዩ የራሱ ነው፤ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ እርሻው ምን እንደሚሆን የሚወስነው ይኸው ሕግ ነውና።

ሆኖም ምርጫው ሲቃረብ ንግግሩ መልኩን ለወጠ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ ቡድን እንደ ዘገበው፥ የገዥው ፓርቲ ከፍተኛ ባለሥልጣኖች ተቃዋሚዎቻቸውን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰሉ፤ ከተቃዋሚዎችም ወገን ገዥዎቹን ወደ መጡበት እንመልሳለን የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ተሰማ። ከዚያ ወዲህ የሚጠየቀው «ምን ትላለህ?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ነህ?» ሆነ። ለመጀመሪያው ጥያቄ በማስረጃ መልስ ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ግን ቁጣ እንጂ መልስ የለውም። በውጤቱ ላይ በተነሣው ጠብ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። አጣሪ ኮሚሽኑ የሟቾቹን ቁጥር 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች አድርጎታል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ንግግር ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ባላጋራ ጠላት ተብሎ ከተሰየመ በኋላ የምርጫን ውጤት በሰላም መቀበል እጅግ ይከብዳል።

ከዚህ በኋላ መድኃኒት ተብሎ የቀረበው የጨዋነት ደንብ ነው። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. አንዳንድ ፓርቲዎች የምርጫ ሥነ ምግባር ስምምነት ፈረሙ፤ መድረክ ግን ሳይፈርም ቀረ። ስምምነቱም ቆይቶ ሕግ ሆነ። በዚያው ዓመት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ያዙ። ከ2013 ዓ.ም. ምርጫ በፊትም በ2012 የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል ዐዋጅ ወጣ። ደንቡ መልካም ነው፤ ስድብን ሊከለክል ይችላል። ያልተመለሰን ጥያቄ ግን ሊያስመልስ አይችልም። በጨዋ ቃል ጥያቄን ማለፍ ይቻላልና፥ ጨዋነትና ቁም ነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።

በእኔ አስተያየት የድሮውን ሙግት ያጸኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፥ ተናጋሪውን ወደ ጥያቄው የሚመልስ ዳኛ አለ። ሁለተኛ፥ መረታት ዋጋ ያስከፍላል። ሦስተኛ፥ ባላጋራው እኩል ቆሞ የመናገር ዕድል አለው። ማሸነፉን አስቀድሞ የሚያውቅ ፓርቲ ለምን ብሎ ይመልሳል? ማሸነፍ እንደማይችል የሚያውቅስ ለምን ብሎ ቃሉን ይመዝናል? ስለዚህ የክርክር መውደቅ የጠባይ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሥርዓት ጉድለት ነው።

ይህን አሳብ ለመፈተን አንድ ቀላል ጥናት ማድረግ እንችላለን። የተቀረጸ ክርክር እየሰማን የተጠየቀውን፥ የተመለሰውንና የታለፈውን በሦስት ዓምድ እንመዝግብ። ከዚያም የጠዳን ገበሬዎች ከእጩዎች የትኛው ጥያቄ እንዲመለስላቸው እንደሚፈልጉ ጠይቀን ከመዝገቡ ጋር እናስተያይ። የገበሬው ጥያቄ በየትኛው ዓምድ ላይ እንደሚገኝ ስናይ፥ የጎደለው ጨዋነት ይሁን መልስ በግልጽ ይታወቃል።