ፌሪ ሽሪምፕን በቤት ውስጥ መፈልፈልና ማሳደግ

ፌሪ ሽሪምፕ ዝናብ ሲጥል ሞልተው በበጋ በሚደርቁ ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ነው። በጀርባው ተንጋሎ ይዋኛል፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች 11 ጥንድ እግሮች አሏቸው፤ በእነሱም እየቀዘፉ ምግባቸውን ከውሃው ያጣራሉ። ኩሬው ሲደርቅ እንስሳቱ ይሞታሉ፤ እንቁላሎቻቸው ግን በደረቁ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። በቤት ማርባት የሚቻለውም በዚህ ድንቅ ጽናታቸው ነው።

ለጀማሪ ከሚመቹት አንዱ የሰሜን አሜሪካው ታምኖሴፋለስ ፕላቲዩረስ ነው። እንቁላሉ ብርሃን ባገኘና 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ውሃ ውስጥ በአንድ ቀን አካባቢ ይፈለፈላል። ዋናው ጉዳይ ውሃው ነው። ማዕድኑ አነስተኛ መሆን ስላለበት ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይመረጣል፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ እጮቹን ይገድላል።

እጮቹ መጀመሪያ ሲታዩ እየተወራጩ የሚሄዱ ነጫጭ ነጥቦች ይመስላሉ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የተነሳ እርሾ ወይም የስፒሩሊና ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ይሰጣቸዋል። ውሃው በማግስቱም እንደደፈረሰ ከሆነ ምግቡ በዝቷልና እስኪጠራ መታገስ ያስፈልጋል፤ የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከዓሣ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም፤ ይበላቸዋል።

በሁለት ሳምንት ገደማ ለአቅመ መራባት ይደርሳሉ። ሴቷ እንቁላሏን ከእግሮቿ በስተኋላ ባለ ከረጢት ትይዛለች። ዕድሜያቸው ሲያበቃ የዕቃው ዝቃጭ ደርቆ ለጥቂት ሳምንታት ይቀመጥና ዳግም ውሃ ይደረግበታል። ሁሉም እንቁላሎች ግን በአንድ ጊዜ አይፈለፈሉም፤ የቀሩት ለሌላ ዙር ስለሚሆኑ ዝቃጩ አይጣልም።