ሙቀጫው የት ነበር?

ስሙኝማ! ሰሞኑን አንድ ነገር ገብቶኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የሒሳብ ነገር ነው፤ ግን አትሽሹ። እኔም ብሆን ከአልጀብራ ጋር የተለያየሁት በሰላም አይደለም። ለዚህኛው መደመር መቻልና ቡና ሲወቀጥ አይቶ ማወቅ ይበቃል።

ጣጣውን ያመጣብኝ «ነምበርስ» የሚባል የቆየ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን በስድስት ምዕራፍ 118 ክፍል ታይቷል። ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው፦ ታላቁ ዶን የኤፍቢአይ መርማሪ፣ ታናሹ ቻርሊ የሒሳብ ፕሮፌሰር። ዶን አልፈታ ያለውን ወንጀል ይዞ ይመጣል፤ ቻርሊ ሰሌዳው ላይ ይቸከችካል። ሒሳቡ ደግሞ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም፤ ካልቴክ ከተባለው ዝነኛ ተቋም ጌሪ ሎርደን የተባሉ የሒሳብ ሊቅ የድራማውን አዘጋጆች ያማክሩ ነበር።

በመጀመሪያው ክፍል ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሴቶችን እያጠቃ የሚሰወር ሰው አለ። ዶን ጥቃት የተፈጸመባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አስፍሯል። ጥያቄው «ቀጥሎ የት ይመጣል?» የሚል ነው። ቻርሊ ግን ሣር የሚያጠጣውን የውኃ መርጫ ያሳየዋል። ቀጣዩ ጠብታ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። መርጫው ባይታይ እንኳ፣ ጠብታዎቹ ያረፉበትን አይቶ ከየት እንደተረጩ ወደኋላ ማስላት ግን ይቻላል!

አያችሁ? ጥያቄውን ገለበጠው። «ወዴት ይሄዳል?» ቀረና «ከየት ይነሣል?» ሆነ።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩት። ነገሩ ደስ ብሎኛል፣ ግን በቅጡ አልገባኝም። የገባኝ በማግሥቱ ቡና ሲወቀጥ ነው።

የተወቀጠው ቡና ወደ ጀበና ሲሄድ ሙቀጫው ተነሣ። ወለሉ ላይ የተፈናጠረ ቡና ቀረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሁለት ነገር አስተዋልኩ። አንደኛ፣ ፍንጣሪው ቅርብ ቅርቡ ላይ ብዙ ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል። ሁለተኛ፣ መሃል ላይ ምንም ያልወደቀበት ባዶ ክብ አለ። ሙቀጫው የተቀመጠበት! ወይ ጉድ! ከፍንጣሪው ይልቅ ባዶው ቦታ ነው የሚናገረው።

አሁን ሌባ እናስብ። ሌባም ሰው ነውና ሩቅ መሄድ ይታክተዋል። መግቢያ መውጫውን የሚያውቀውም በሚመላለስበት አካባቢ ነው። ስለዚህ ከቤቱ እየራቅን ስንሄድ ስርቆቱ ይሳሳል። በሌላ በኩል ደጃፉ ላይ አይሰርቅም፤ ጎረቤት ያውቀዋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አይደል የሚባለው? ስንፍናው ወደ ቤቱ ይስበዋል፣ ፍርሃቱ ከቤቱ ይገፋዋል። ሁለቱ ሲጣመሩ ስርቆቱ እንደ መኪና ጎማ መሃሉን ክፍት አድርጎ ይከበዋል።

እስክሪብቶ ያዙ። በአንድ መንገድ ዳር የተደረደሩ 12 ቤቶች አሉ እንበል። አራተኛው፣ አምስተኛውና ዘጠነኛው ቤት ተሰርቀዋል። ሌባው ከአሥራ ሁለቱ በአንዱ ነው የሚኖረው። የትኛው?

ነጥብ እንስጥ። የተሰረቀው ቤት ከሌባው ቤት ሁለት ቤት የሚርቅ ከሆነ 5 ነጥብ፤ ሦስት ከራቀ 4፤ አራት ከራቀ 3፤ አምስት ከራቀ 2፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ 1። የአጠገቡ ጎረቤት ከሆነ 1 ብቻ፤ የራሱ ቤት ከሆነ 0። ነጥቦቹን እኔ ነኝ የመረጥኳቸው፤ ስንፍናውንና ፍርሃቱን በቁጥር መግለጫ ናቸው።

አሁን እያንዳንዱን ቤት እየዞርን «ሌባው እዚህ ቢኖር ኖሮ?» ብለን እንጠይቅ።

አምስተኛው ቤት ቢሆንስ? አራተኛው ቤት ጎረቤቱ ነው፣ 1። አምስተኛው የራሱ ነው፣ 0። ዘጠነኛው አራት ቤት ይርቃል፣ 3። ድምሩ 4።

አሥራ ሁለተኛውስ? አራተኛው ስምንት ቤት ይርቃል፣ 1። አምስተኛው ሰባት ይርቃል፣ 1። ዘጠነኛው ሦስት ይርቃል፣ 4። ድምሩ 6።

ሰባተኛውስ? አራተኛው ሦስት ቤት ይርቃል፣ 4። አምስተኛው ሁለት፣ 5። ዘጠነኛውም ሁለት፣ 5። ድምሩ 14!

የቀሩትን ራሳችሁ ደምሩ፤ ከ10 የሚያልፍ አታገኙም። ምንም ያልተሰረቀበት፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሰባተኛው ቤት አንደኛ ወጣ! እኔ እዚህ ላይ ብድግ ብዬ ክፍሉን ዞርኩት። ሙቀጫው!

ይህን ዘዴ ለፖሊስ ሥራ ያበጀው ኪም ሮስሞ የሚባል የካናዳ ሰው ነው። የቫንኩቨር ፖሊስ ነበር፤ እየሠራ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ በወንጀል ጥናት የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። እኛ ጋ 12 ቤት የነበረው በእሱ ቀመር ሙሉ ከተማ ይሆናል። ካርታው በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል፤ ኮምፒዩተሩም ለእያንዳንዷ ካሬ እኛ ያደረግነውን ያደርጋል። ርቀቱ የሚለካው ወፍ እንደሚበርረው ሳይሆን ሰው መንገድ ለመንገድ እንደሚታጠፈው ነው። ከዚያ ብዙ ነጥብ ያገኙት ካሬዎች በደማቅ ቀለም ይቀባሉ። ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው እዚያ ነው።

ታዲያ በድራማው ቻርሊ በመጀመሪያ ሙከራው ይሳሳታል! የጠቆመው ሰፈር ተፈትሾ ሰውዬው የለም። ቀመሩ ውሸት ነው ማለት ነው? አይደለም። ሰው የሚነሣው ከቤቱ ብቻ አይደለም፤ ከሥራ ቦታውም ይነሣል። ወለሉ ላይ ሁለት ሙቀጫ ነበር፣ እሱ የፈለገው አንድ ነው። ሁለት መነሻ ብሎ ሲያሰላው ተገኘ።

በእውነተኛው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ ላፋየት ከተማ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሴቶችን ሲደፍር የኖረ ሰው ነበር። ፖሊስ ሮስሞን ጠራ፤ ካርታው ተሠራ። በመጨረሻ ጥቆማ መጥቶ ሰውዬው ሲጣራ ራሱ የሕግ አስከባሪ ሆኖ ተገኘ! አድራሻው ግን ከደማቁ ቀለም ውጪ ነበር። ቆይተው ሲያዩት፣ ጥቃቱን በሚፈጽምበት ዘመን የኖረው እዚያው ደማቁ ውስጥ ነው፤ ኋላ ነው ቤት የቀየረው። ያስያዘው ግን ካርታው ብቻውን አይደለም፤ ከጣለው የሲጋራ ቁራጭ የተገኘው ዲኤንኤ ነው። ካርታው የት እንደሚጀመር ያሳያል እንጂ እጅ ላይ ካቴና አያስገባም።

ከሁሉ በላይ የገረመኝን ልጨምር። ተመራማሪዎች ይህንኑ ሒሳብ ለወባ አዋሉት። ካይሮ ውስጥ ወባ የያዛቸው ሰዎች መኖሪያ ካርታ ላይ ሲሰፍር፣ ሒሳቡ ትንኟ የምትራባበት ውኃ የት ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። በሽተኞቹ ፍንጣሪ፣ ኩሬው ሙቀጫ! ሌባ ለመፈለግ የተሠራ ቀመር ትንኝ ሲያሳድድ አስቡት።

በሉ፣ የቤት ሥራ። እነዚያው 12 ቤቶች፣ ያው ነጥብ አሰጣጥ። አሁን የተሰረቁት ሦስተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ናቸው። ተጠንቀቁ፣ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች በአንድ ነጥብ ብቻ ይበላለጣሉና በግምት አይሆንም፤ ደምሩ። ሌባው የት እንደሚኖር ቀድሞ የነገረኝ ቡናው ከኔ ነው።