የቀርከሃ የምድር ውስጥ ግንድ፤ ጠባዩና ሊሰጥ የሚችለው ጥቅም

በሐርጌሳ ከተማ መካከል የሚያልፈው የማሮዲ ጄሕ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይቆያል። ዝናም በጣለ ጊዜ ግን በድንገት ሞልቶ ይወርድና ዳርቻውን እየናደ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ዳርቻ በተክል ለማጽናት ሲታሰብ ስሙ ቶሎ ከሚነሣው አንዱ ቀርከሃ ነው። ይሁን እንጂ አፈሩን የሚይዘው የቀርከሃ ክፍል ከዐይን የተሰወረው ስለ ሆነ፣ ተክሉን ከማስመጣት አስቀድሞ የዚህን ክፍል ጠባይ መመርመር ይገባል።

ቀርከሃ ዛፍ ቢመስልም በወገኑ ሣር ነው። ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ክፍል ብዙ ሰው ሥር ይለዋል፤ ነገር ግን ግንድ ነው። ማስረጃውም እንደ ላይኛው አገዳ አንጓ ያለው መሆኑና በየአንጓው ላይ ዐይን መገኘቱ ነው፤ ትክክለኞቹ ሥሮች ከእነዚሁ አንጓዎች የሚወጡት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ከዐይኖቹ አንዳንዱ ወደ ላይ በቅሎ አዲስ አገዳ ይሆናል። አዲሱ አገዳ የዕድሜውን ውፍረት ይዞ ከመሬት ይወጣል፤ ቁመቱንም በጥቂት ወራት ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠንከር ብቻ ሲሆን፣ ለዚህም ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። ገና ቅጠል ሳያወጣ ይህን ያህል ለማደግ የሚችለው፣ የቀደሙት አገዳዎች ያዘጋጁትን ምግብ በምድር ውስጥ ግንድ በኩል ስለሚቀበል ነው። ስለዚህ አሮጌውንም ለጋውንም አገዳ በአንድ ጊዜ ጨርሶ የቆረጠ ገበሬ፣ በሚመጣው ክረምት የሚበቅለው ቢቀጥንበት ሊደነቅ አይገባውም።

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። ደገኛው፣ ውስጡ ክፍት የሆነው፣ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ በሆነ እርጥብ አገር፣ ይኸውም በአዊ፣ በሲዳማ፣ በጋሞና በሸካ ይበቅላል። ቆለኛው ሽመል የሚባለው ሲሆን፣ አገዳው ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው፤ አገሩም አሶሳና መተከል ናቸው። የሽመል የምድር ውስጥ ግንድ አጭርና ወፍራም ስለ ሆነ አገዳዎቹ በአንድ እግር ተጠጋግተው ይቆማሉ። የደገኛው አንገት ግን ረዘም ስለሚል አገዳዎቹ ራቅ ራቅ ብለው ይወጣሉ።

በእንጅባራ ዙሪያ በባንጃ ወረዳ ቀርከሃ በየጓሮው ይተከላል። የሚተከለውም ዘር ሳይሆን ከነግንዱ ተቆፍሮ የወጣ አገዳ ነው። ለዚህ የሚመረጠው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት አገዳ ነው፤ የዘንድሮው ገና ለጋ ነው፤ የአሮጌው ዐይን ደግሞ ደክሟል። አገዳው አንድ ሜትር ያህል ቀርቶለት ጫፉ ይቆረጣል፤ ከእናቱ ጋር የሚያያይዘው አንገት ሳይሰነጠቅ በስለት ይለያል፤ ዐይኑ እንዳይላጥም መጠንቀቅ ያሻል። ሩቅ የሚሄድ ከሆነ በእርጥብ ሣር ወይም በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ዝናሙ ሲጀምር ይተከላል። ሥራው ከባድ ነው፤ እናቲቱንም ያቆስላል።

አንድ ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ሽመል ከብዙ ዓመት በኋላ አብሮ ያብብና ዘር ሰጥቶ ይሞታል። ከአንድ እናት የተቆፈረው ሁሉ የእናቱን ዕድሜ ይዞ ስለሚሄድ፣ እናቲቱ ስታብብ እርሱም ሩቅ አገር ቢሆን ሊያብብ ይችላል። ስለዚህ ከተለያየ ሥፍራ መሰብሰብ ወይም ዘር በተገኘ ጊዜ ከዘር ማፍላት ይሻላል።

ስለ ሌላው ጥቅም ብዙ ይነገራል። ቻይናና ጃፓን ከሚያበቅሉት የአንዳንዱ ቀርከሃ የምድር ውስጥ ግንድ ረጅምና ቀጭን፣ አንጓውም የተቀራረበ ስለ ሆነ የጃንጥላ እጀታና ከዘራ ይሠራበታል፤ ከወፍራሙም ማኅተምና ምስል ይቀረጻል። የእኛዎቹ ጠማማና አጭር ናቸውና ለቅርጻ ቅርጽ እንጂ ለከዘራ የሚሆኑ አይመስልም። ደግሞም ለእጀታ ሲባል ሕያው እግር መቆፈር ከብቱን ለቀንዱ እንደ ማረድ ነው፤ አብቦ የሞተውን ማውጣት ግን ጉዳት የለውም። የሶማሌ እናቶች ለአቃል ቤት ማገር የሚያጎብጡት የገሎል ግራር ሥር አላቸው፤ በዚህ ረገድ ቀርከሃ አያስፈልጋቸውም።

ወደ ሐርጌሳ ዳርቻ ስንመለስ፣ የከተማይቱ ከፍታ 1,300 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ለሽመል ይስማማል። ዝናሟ ግን በዓመት ከ400 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ሽመል በተለመደው አገሩ 700 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ያገኛል። እንግዲህ ውሃ በማይደርስበት ሜዳ ላይ መትከል ድካም ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ አብዛኛው የምድር ውስጥ ግንድ ከግማሽ ሜትር ገደማ በላይ አይጠልቅም። የላይኛውን አፈር አጥብቆ ይይዛል እንጂ፣ ጎርፍ ከሥር ሲቦረቡር እግሩ እንዳለ ተገልብጦ ይወድቃል። የዳርቻውን ግርጌ የሚጠብቀው የድንጋይ ካብ ነው፤ ሽመሉ ከካቡ በስተ ኋላ፣ ከጉድጓድ ውሃ በሚጠጣ የአትክልት ቦታ አጥር ዳር ቢሆን ተስፋ አለው። ይህም ፍየልና ግመል ቡቃያውን እንዳይበሉት ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከታጠረ ነው። ለደረቁ ተዳፋት ግን የአገሩ ሣርና ግራር ይቀድማሉ።

ለመሞከር የሚፈልግ ባለ አትክልት በጥቂት እግር ጀምሮ ሁለት ክረምት ይጠብቅ። የሁለተኛው ዓመት አገዳ ከመጀመሪያው ወፍሮ ከወጣ የምድር ውስጥ ግንዱ ምግብ ማከማቸት ጀምሯል፤ ከቀጠነ ግን ውሃው አልበቃውም ማለት ነው፤ ሌላ እግር ከማስመጣቱ በፊት ያን ያስተካክል።