የውኃ ላይ አደጋ ፎቶግራፍ፡- እውነተኛነቱ በምን ይረጋገጣል?

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ጀልባ የዕለት መጓጓዣም የመዝናኛ አገልግሎት መስጫም ነው፡፡ በዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ደሴቶች ላይ የሚኖሩ ወገኖች ወደ ባቱ ከተማ የሚመላለሱት በውኃ ላይ ሲሆን፣ ላንጋኖ ደግሞ ከአዳማ፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚሄዱ እንግዶች የሚዝናኑበት ሐይቅ ነው፡፡ በመሆኑም አንድ ጀልባ አፍንጫው ወደ ሰማይ ተቀስሮ፣ ተሳፋሪዎቹ በአየር ላይ ተበትነው የሚያሳይ ፎቶግራፍ «ዛሬ በላንጋኖ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በስልክ ቢሠራጭ፣ የአካባቢው አስተዳደር ምላሽ እንዲሰጥ መጠየቁ አይቀርም፡፡

ምላሹ በሁለት በኩል ኃላፊነት አለበት፡፡ ሐሰተኛውን ምስል ማጽደቅ ቤተሰብን በከንቱ ያስደነግጣል፣ የነፍስ አድን ሠራተኞችንም ወደሌለ አደጋ ያሰማራል፡፡ እውነተኛውን «ቅንብር ነው» ብሎ ማስተባበል ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ በውኃ ውስጥ ያለ ሰው የሚተርፍበት ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃ ነውና፡፡

በዚህ ረገድ በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ አንድ ምስል ማመን የሚያስቸግር መሆኑ ብቻውን ሐሰተኛ እንደማያሰኘው ነው፡፡ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ቦይንግ 767 አውሮፕላን በሦስት ጠላፊዎች ተይዞ ነዳጁ በማለቁ፣ በኮሞሮስ ግራንድ ኮሞር ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ለማረፍ መገደዱ ይታወሳል፡፡ ካፒቴን ልዑል አባተ ያበረሩት አውሮፕላን የግራ ክንፉ ቀድሞ ውኃውን በመንካቱ ተሰባብሯል፡፡ ከ175 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች መካከል ጠላፊዎቹን ጨምሮ የ125ቱ ሕይወት ሲያልፍ 50 ሰዎች ተርፈዋል፡፡ በባሕሩ ዳርቻ የነበረች አንዲት ጎብኚ የቀረጸችው ምስል የፊልም ትዕይንት ቢመስልም እውነተኛ ነው፡፡ ይህንንም ያረጋገጡት የተረፉት ሰዎች፣ የአውሮፕላኑ ስብርባሪና በባሕሩ ዳርቻ የነበሩ የዓይን ምስክሮች ናቸው፡፡

የፈጣን ጀልባዎች አደጋም ተመሳሳይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል በኮኒስተን ሐይቅ ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን ለማሻሻል ሲሞክር ጀልባው ከውኃው ተነሥቶ በአየር ላይ ተገልብጧል፤ እርሱም ሕይወቱ አልፏል፡፡ ክስተቱ በፊልም ተቀርጿል፡፡ ምክንያቱም ግልጽ ነው፡፡ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሄድ የእሽቅድምድም ጀልባ ውኃውን የሚነካው በጥቂቱ ነው፤ አፍንጫው ከመጠን በላይ ከፍ ሲል ከሥሩ የሚገባው ነፋስ ያነሣውና ይገለብጠዋል፡፡ ስለሆነም ጀልባ በሰማይ ላይ መታየቱ የቅንብር ማስረጃ አይሆንም፡፡

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ትልቅ ነጭ ሻርክ ከሄሊኮፕተር ላይ የተንጠለጠለን ወታደር ለመያዝ ከባሕር ሲዘል የሚያሳይ ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቶ ብዙዎችን አሳምኖ ነበር፡፡ ኋላ እንደተረጋገጠው ምስሉ የተሠራው በደቡብ አፍሪካ የተነሣ የሻርክ ፎቶግራፍና በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የተነሣ የሄሊኮፕተር ፎቶግራፍ ተጣምረው ነው፡፡ ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን መሰል ሥራ በሰከንዶች ውስጥ ማከናወን ይችላል፡፡

ታዲያ ማጣራቱ ከምን ይጀምር? በመጀመሪያ ከቦታው ነው፡፡ የላንጋኖ ውኃ ቡናማ መልክ አለው፤ በምሥራቅ በኩልም የአርሲ ተራሮች ይታያሉ፡፡ ዝዋይ በደሴቶቹ ይለያል፡፡ በአዋሽ ወንዝ ላይ በተሠራው ግድብ የተፈጠረው የቆቃ ሐይቅ በእምቦጭ አረም ይታወቃል፡፡ «ላንጋኖ» የተባለው ምስል ጥርት ያለ ሰማያዊ ውኃ ካሳየ ጥርጣሬው በቂ ምክንያት ይኖረዋል፡፡ በሁለተኛ ደረጃ የብርሃኑንና የጥላውን አቅጣጫ፣ በውኃው ላይ የሚታየውን ነጸብራቅና ጀልባው የረጨውን ውኃ ማመሳከር ያስፈልጋል፡፡ በሦስተኛ ደረጃ ፎቶግራፉን ያነሣውን ሰው ማግኘት፣ ዋናውን ቅጂ ከፊትና ከኋላው ከተነሡት ምስሎች ጋር መጠየቅ፣ እንዲሁም ምስሉ ቀደም ሲል በሌላ ቦታ መውጣት አለመውጣቱን በኢንተርኔት መፈተሽ ይገባል፡፡ በርካታ አሳሳች ምስሎች የተቀነባበሩ ሳይሆኑ አዲስ ጽሑፍ የተለጠፈባቸው የቆዩ ፎቶግራፎች ናቸውና፡፡

ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ጥያቄዎች መለየት አለባቸው፡፡ አንደኛው «አደጋው ደርሷል ወይ?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ምስሉ የዚያ አደጋ ነው ወይ?» የሚል ነው፡፡ ሐሰተኛ ፎቶግራፍ ከእውነተኛ አደጋ ጋር ሊሠራጭ ይችላል፤ የምስሉ ሐሰተኛነት ሰው አለመጎዳቱን አያረጋግጥም፡፡ ስለዚህ ኃላፊው ምስሉን ከመመርመሩ በፊት ወደ ሐይቁ ዳርቻ፣ ወደ ጀልባ ባለንብረቶችና ወደ ፖሊስ ሊደውል ይገባል፡፡ መግለጫውም የተረጋገጠውን ከሚጣራው ለይቶ መናገር አለበት፡፡

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን የማሠራጨት ተግባርን በወንጀል የሚያስጠይቅ አድርጎታል፡፡ ሆኖም ሕዝቡ አስቀድሞ የሚፈልገው ክስ ሳይሆን ፈጣንና ትክክለኛ መልስ ነው፡፡ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ በችኮላ የተሰጠ ማስተባበያ በማግሥቱ ከታረመ፣ በሚቀጥለው እውነተኛ አደጋ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን ቃል የሚያምን አይገኝም፡፡