ከጨረር ሕክምና የሚያፈተልከው ጨረር እንዴት ይለካል?

በወልዲያም ሆነ በመርሳ አንድ የካንሰር ሕመምተኛ «ጨረር መታከም አለብህ» ሲባል ቤተሰብ ሁለት ጥያቄ ያነሳል። አንደኛው «ጨረሩ ጤነኛውን አካል አይጎዳም ወይ?» ሲሆን፣ ሁለተኛው «ወደ ቤት ሲመለስ ልጆች ቢቀርቡት አይነካቸውም ወይ?» የሚል ነው። በዚህ ስጋት ሕክምናውን የሚተው ሰው እንዳይኖር ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው።

ጨረሩ የሚነጣጠረው ዕጢው ላይ ነው። ይሁንና በሀብሩ የመስኖ ውሃ ወደ አንድ መደብ ሲለቀቅ የቦዩ ዳር እንደሚረጥብ ሁሉ፣ ጥቂት ጨረር ከታለመለት ቦታ ውጪ ይደርሳል። ከፊሉ ከመሣሪያው ራስ ያፈተልካል፤ ከፊሉ ጨረሩን ከሚገድቡት ብረቶች ተጋጭቶ ይበተናል፤ የቀረው በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ይበተናል።

የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ይህን በግምት አይተዉትም። ከፕላስቲክ የተሠራ የሰው አምሳያ በሕመምተኛው ቦታ ያስተኛሉ። የእንቅርት ዕጢ፣ ጡትና ማሕፀን በሚገኙበት ቦታ ሊትየም ፍሎራይድ ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠሩ ትናንሽ መለኪያዎች ያስቀምጣሉ። መለኪያው የተቀበለውን ጨረር ይዞ ይቆያል፤ በኋላ ሲሞቅ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ በበዛ ቁጥር የተቀበለው ጨረር ብዙ ነበር ማለት ነው።

ውጤቱስ? ለዕጢው በጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 70 ግሬይ ይሰጣል። ጨረሩ ካረፈበት ቦታ ጥቂት አሥር ሳንቲ ሜትሮች ሲራቅ የሚደርሰው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ውስጥ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሌላ ካንሰር የማስከተል አነስተኛ ዕድል ስላለው፣ በተለይ ለሕፃናትና ለወጣቶች በጥንቃቄ ይታሰባል።

ውጭ አገር ስላለው የፕሮቶን ሕክምናም የሚሰማ አለ። በአገራችን አይሰጥም፤ በደቡብ አፍሪካ አይቴምባ ላብስ በተባለው ተቋም ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት ተሰጥቷል። የፕሮቶን ጥቅሙ ዕጢው ዘንድ ደርሶ መቆሙ ነው፤ ከዕጢው ጀርባ ያለው አካል ይተርፋል። ነገር ግን ፕሮቶን ከብረትና ከሰውነት ጋር ሲጋጭ ኒውትሮን የተባለ ሌላ ጨረር ይወጣል። ኒውትሮን በመጠን እኩል ከሆነ ኤክስሬይ እስከ 20 እጥፍ ሊጎዳ እንደሚችል ተደርጎ ስለሚሰላ፣ በውስጡ አረፋ በሚፈጠርበት ጄል ወይም የጨረር ዱካ በሚቀርበት ፕላስቲክ ለብቻው ይለካል። ጨረሩን በብረት ሳይገድቡ በቀጭኑ የሚያንቀሳቅሱት አዳዲሶቹ መሣሪያዎች የሚያወጡት ኒውትሮን ከቀድሞዎቹ ያነሰ ነው። ስለዚህ ፕሮቶንም ቢሆን ከሚያፈተልክ ጨረር ነፃ አይደለም።

በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። መጀመሪያ በኮባልት 60፣ ኋላም ሊኒየር አክሰለሬተር በተባለ መሣሪያ አክሟል። ከወልዲያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረፋ የጠበቀ ሰው የሚከተሉትን ቢያውቅ ይጠቀማል፦

1. ከውጭ በመሣሪያ ጨረር የታከመ ሰው ጨረር ይዞ ወደ ቤት አይመጣም። ኩራዝ ሲጠፋ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደማይቀር ማለት ነው። ልጁን ይቀፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ ይብላ። የሚዋጥ የጨረር አዮዲን የተሰጠው ግን የተነገረውን የመራራቅ ጊዜ ይጠብቅ።

2. እርጉዝ የሆነች ወይም ልሆን እችላለሁ ብላ የምትጠረጥር እህት፣ እንዲሁም በልቡ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

3. ማርም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ጨረርን ከሰውነት አጥቦ አያወጣም። በሕክምናው ወቅት ጥቁር አዝሙድ በብዛት ወይም በዘይት መልክ ከመውሰድ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ሽሮ ግን የሚደክመውን ሰውነት ይጠግናሉ።

4. ቀጠሮ አይቋረጥ። በመሐል ሲቋረጥ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት እንደገና ይራባሉ።

ከሚያፈተልከው ጥቂት ጨረር ይልቅ ሕይወት የሚቀጥፈው ሳይታከም የቀረው ዕጢ ነው። አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሽፋውን ይስጥ።